ዓይኑን በአረቄ ያጠበው ልብስ ሰፊ

ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውል ሰው አለ። ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል፣ መስከረም ሲቃረብ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ግራ ዓይኑ ሰው ሠራሽ ነው። ይህን ለብዙ ዓመታት የሚያውቁት ሚስቱ፣ ልጆቹና አብረውት ከብት ሲጠብቁ ያደጉ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ደንበኞቹ አያውቁም፤ እንዲያውቁም አይፈልግም ነበር።

ዓይኑን ያጣው በ11 ዓመቱ ነው። እረኛ ጓደኛው ያጮኸው ጅራፍ ጫፉ ዞሮ መታው። ቤተሰቡ መጀመሪያ በቅጠል ጭማቂ አከመው። ቁስሉ መግል ሲይዝ ወደ ሐኪም ቤት፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ። ዓይኑን ማትረፍ አልተቻለም፣ ወጣ። ሰው ሠራሹ ዓይን የተገጠመለት ግን አድጎ፣ ሙያ ይዞ፣ ገንዘብ ካጠራቀመ በኋላ ነው። የዚያን ቀን መስታወት ፊት ቆሞ ሁለት ዓይን ያለው ሰው ሲያይ አለቀሰ። እንባው በሁለቱም በኩል ወረደ።

ሲሸኙት የተሰጠው ምክር ሁለት ቃል ነበር፦ «ንጽሕናውን ጠብቅ።»

ችግሩ ሁሉ የጀመረው ከእነዚያ ሁለት ቃላት ነው።

በምን ይጸዳል? በየስንት ጊዜው? ምን አይነካውም? ይህን የነገረው የለም፤ እሱም አልጠየቀም። ከነጭ ጋዋን ፊት ቆሞ «እሺ» እንጂ «እንዴት?» ማለት ብዙዎቻችን ያልለመድነው ነገር ነው። አገሩ ተመልሶ ራሱ መልስ ፈለገ፤ መልሱም ከቤት አልጠፋም። አማቱ አረቄ ታወጣለች። አረቄ ጀርም እንደሚገድል የማያውቅ ማን አለ? ቁስል ይታጠብበታል፣ የጥርስ ሕመም ይታገሥበታል። ዳግም አረቄ ከሆነ ደግሞ ከመቶ 45 ገደማ አልኮል ሊኖረው ይችላል። ልብስ ሰፊው አንድ ሲኒ ለየ። ማታ ማታ ዓይኑን አውጥቶ አረቄ ውስጥ ያሳድረዋል፣ ጠዋት በቧንቧ ውኃ አለቅልቆ ያደርገዋል። ሚስቱ ሲኒውን ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀል ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገችበት።

እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ። ከዚያ ኮሮና መጣ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ያን ሰሞን ወለጋ ከሌላው አገር የተለየ ሁኔታ ላይ ነበረች። ስልክና ኢንተርኔት በምዕራብ ኦሮሚያ ለወራት ተቋርጦ ቆይቶ የተመለሰው በዚያው መጋቢት ወር መጨረሻ ላይ ነው። ሕዝቡ ስለ ወረርሽኙ የሰማው ከሬዲዮ፣ ከመንገደኛና ከወሬ ነበር። ስልኩ ሲከፈት ግን አንድ መልእክት ከሁሉም ቀድሞ ገባ፦ እጃችሁን ታጠቡ፣ ሳኒታይዘር ተጠቀሙ። ትክክለኛ መልእክት ነው፤ ብዙ ሰው አድኗል። ልብስ ሰፊው ግን ለእጁ የተባለውን ለዓይኑም ወሰደው። ሳኒታይዘር ከመቶ ከ60 በላይ አልኮል ነው። አረቄው ቀረና ዓይኑ በሳኒታይዘር መታሸት ጀመረ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ጊዜ።

መጀመሪያ የሄደው ጥራቱ ነው። ውልውል ይል የነበረው ዓይን ጉም የገባበት መሰለ። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት ሽፋሽፍቱን የሚያጣብቅ ቢጫ ዓይናር መጣ። ሰውየው «ቆሽሿል» ብሎ ደመደመ። የቆሸሸ ነገር ምን ይደረጋል? ይጸዳል። በጥርስ ሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ፈተገው። ለአንድ ቀን ያበራ መስሎ ታየው፣ በሳምንቱ ግን ባሰበት። አንድ ቀን ደግሞ በሚፈላ ውኃ ቀቀለው። ከዚያ በኋላ ዓይኑ እንደ ድሮው አልገጥም አለ፤ የላይኛው ቆብ ስር ይቆረቁረዋል።

ጥቁር መነጽር ገዛ። በአንድ ዓይን፣ በጥቁር መነጽር፣ በበረንዳ ብርሃን መርፌ ላይ ክር ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ የሰፋ ያውቀዋል። ስፌቱ መጣመም ጀመረ። አንድ ደንበኛ ሱሪውን መልሶ አመጣ፤ ምንም ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦለት ሄደ። የመጀመሪያ ሴት ልጁ ስትዳር ፎቶ አንሺው «አባት ወደ መሀል ይግባ» ሲል ልብስ ሰፊው ወንበር የሚያስተካክል መስሎ ከዳሱ ወጣ። በዚያ ሠርግ የቤተሰብ ፎቶ ላይ የሙሽራዋ አባት የለም።

ልጁ ናት ኋላ እጁን ይዛ ወደ ጤና ተቋም የወሰደችው። እዚያ ያገኘቻቸው የዓይን ነርስ ወጣት ነበረች። ሰው ሠራሹን ዓይን በጋዝ ላይ አስቀምጣ በአጉሊ መነጽርና በባትሪ መብራት አገላብጣ አየችው።

«ኦቦ፣ በምንድን ነው የሚያጥቡት?»

«በአረቄ ነበር ሲስተር። ኋላ በሳኒታይዘር። ንጽሕናውን ጠብቄያለሁ።»

«በጣም ጠብቀዋል» አለችው። «ይህ ቆሻሻ አይደለም። ስንጥቅ ነው።»

ለልጁ በአጉሊው አሳየቻት። ፊቱ ላይ የሸረሪት ድር የመሰሉ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ሰውየው ለዓመታት ሊያጥበው የታገለው ጉም እጥበቱ ራሱ የፈጠረው ነበር።

የነገሩ ሥር ከስሙ ይጀምራል። ሰው «የመስታወት ዓይን» ይላል። መስታወት ደግሞ አረቄ ምን ያደርገዋል? በእርግጥ አንድ ዘመን ዓይኑ መስታወት ነበር። በጀርመን ላውሻ በምትባል የመስታወት ሠሪዎች ከተማ ሉድቪግ ሙለር ኡሪ የተባለ ባለሙያ በ1835 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሥራ ከተማዋን የዓለም የዓይን መሥሪያ አድርጓት ነበር። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና የጀርመን መስታወት ወደ አሜሪካ መግባቱ ቆመ። ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ግን በየቀኑ ይጨምራሉ። መፍትሔውን ያመጡት የዓይን ሐኪሞች ሳይሆኑ በጦሩ ውስጥ የነበሩ የጥርስ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚይዘውን ሮዝ ድድ ከሚሠሩበት አክሪሊክ ዓይን ሠሩ። ዛሬ በአብዛኛው ዓለም የሚደረገው ሰው ሠራሽ ዓይን ከዚያ የተወለደ ነው። ጀርመን ውስጥ መስታወቱ አሁንም አለ፤ የልብስ ሰፊው ግን አክሪሊክ ነው፣ ማለትም የፕላስቲክ ዘር።

አክሪሊክ ጥሩ ነገር ነው። ቀላል ነው፣ እንደ መስታወት ወድቆ አይደቅም፣ ገላ ይቀበለዋል። የራሱ ጠላቶች ግን አሉት።

የመጀመሪያው አልኮል ነው። አልኮል ወደ አክሪሊክ ፊት ሰርጎ ይገባል፤ ሲሠራ በውስጡ ተወጥሮ የቀረውን ኃይል ይፈታዋል፤ ያን ጊዜ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ይከፈታሉ። በአንድ ሌሊት ላይታይ ይችላል። በየሌሊቱ ሲደጋገም ግን ጉሙን ያመጣል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። አክሪሊክ መለስለስ የሚጀምረው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ይህ ማለት ግን መቀቀል አይጎዳም ማለት አይደለም። አክሪሊኩ አሠራሩ ፍጹም ካልሆነ ከዚያ በታችም ይላላል፤ ዓይንን የሚያህል ለገላ ልክ የተቀረጸ ነገር ደግሞ በጥቂቱ ቢጣመም ይበቃዋል፤ ይቆረቁራል፣ ያቆስላል።

ሦስተኛው መፈተግ ነው። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ጥርስን የሚሞርድ ደቃቅ ዱቄት አለ። ጥርስ ከአክሪሊክ እጅግ የጠነከረ ስለሆነ ይችለዋል፤ አክሪሊክ ግን ይጫጫራል። ዕቃ የሚፈተግበት አመድም እንዲሁ። ለስላሳ ጨርቅ ላይ የተቀመጠ የወለጋ ቀይ አቧራ እንኳ ይጭራል።

አራተኛው በረኪና ነው። የጤና ባለሙያ ሁሉ 0.5 ከመቶ የክሎሪን ውህድ ያውቃል፤ መቀስና መቆንጠጫ ከታማሚ ወደ ታማሚ ከማለፉ በፊት ሲነከርበት የኖረ ነው። ይህ ሕግ ቦታ አለው። አንድ ዓይን በብዙ ሰው ላይ እየተሞከረ ከተመረጠ በየሰዉ መካከል በአግባቡ በባለሙያ እጅ ከጀርም መንጻት አለበት። አንድ ሰው ብቻውን የሚያደርገው ዓይን ግን የቀዶ ሕክምና መሣሪያ አይደለም። ከጠርሙስ የተቀዳ በረኪና የዓይኑን ቀለም ያነጣል፣ ፊቱን ያሻክራል፣ ተርፎ የገባው ጠብታ የዓይኑን ጎድጓዳ ገላ ያቃጥላል።

አሁን ክቡን ልብ በሉ። ለስላሳ ፊት ላይ እንባ በእኩል ይዘረጋል። የተሰነጠቀና የተጫጫረ ፊት ላይ ግን የእንባው ዝቃጭ ይያዛል፣ ጀርም ይሸሸግበታል፣ የቆቡ ውስጠኛ ገላ በየርግብግቢቱ ይፋቃል። ገላው ሲቆጣ ፈሳሽ ያወጣል። ሰውየው ፈሳሹን አይቶ የበለጠ ያጸዳል። ማጽዳቱ የበለጠ ይሰነጥቃል። ይህ የአንድ ልብስ ሰፊ አለማወቅ ብቻ አይደለም። የኒውዚላንዱ ሰው ሠራሽ ዓይን ባለሙያ ኪት ፓይን በአገሩ ዓይን የሚያደርጉ ሰዎችን ጠይቆ ያገኘው ቶሎ ቶሎ የሚያወጡና የሚያጸዱ ሰዎች ፈሳሽ የሚበዛባቸው መሆኑን ነው። ፈሳሹ ስለበዛ ነው የሚያወጡት ወይስ ስለሚያወጡት ነው የበዛው የሚለው ጥያቄ አለ፤ ምናልባት ሁለቱም። የልብስ ሰፊው ሕይወት ሁለቱም መሆናቸውን ያሳያል።

ነርሷ ያዘዘችው ቀላል ነገር ነበር። እጅ በሳሙና መታጠብ። ዓይኑን በየማታው አለማውጣት፤ ካልቆረቆረና ፈሳሽ ካልበዛ እዚያው ማደር ይችላል። ሲወጣ ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና በጣት ጫፍ ማሸት፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ወይም ከፋርማሲ በሚገዛ ኖርማል ሳላይን በደንብ ማለቅለቅ። ወጥቶ የሚያድር ከሆነ በደረቅ ሳይሆን በንጹሕ ሳላይን ውስጥ ማስቀመጥና ሳላይኑን በየጊዜው መለወጥ። በዓመት አንድ ጊዜ በባለሙያ ፖሊሽ ማስደረግ። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ መለወጥ እንደሚያስፈልግ ማሰብ። ደም፣ ብዙ መግል፣ ሕመም ወይም እብጠት ከመጣ ቤት ውስጥ ምንም ሳይሞክሩ መሄድ።

ልብስ ሰፊው ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ «ይህ ሁሉ በአንድ ወረቀት አይጻፍም ነበር?»

ይህ ጥያቄ መልስ ይገባዋል።

የመጀመሪያው መልስ እንዲህ ዓይነት ሰው በቁጥር ውስጥ የለም የሚል ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከኢትዮጵያውያን 1.6 ከመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 ከመቶው ደግሞ እይታቸው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 11.5 ከመቶው በትራኮማ ጠባሳ የመጣ ነበር። የአገሪቱ የዓይን ጤና ዕቅድ በእነዚህ ቁጥሮች ላይ መቆሙ ትክክል ነው። ነገር ግን ዓይነ ስውርነት የሚለካው በደኅናኛው ዓይን ነው። አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ ሌላው የሚያይ ሰው በዚህ መለኪያ ጤነኛ ነው። ጅራፍ የመታው እረኛ፣ የእንጨት ፍንጣሪ የወጋው አናጢ፣ በዓይን ካንሰር አንድ ዓይኗ ወጥቶ ሕይወቷ የተረፈ ሕፃን፣ ባለፉት ዓመታት ግጭት ጥይት ወይም ፍንጣሪ ያገኘው ሰው፣ ሁሉም ከቁጥሩ ውጪ ናቸው። ያልተቆጠረ ሰው ደግሞ በጀት የለውም፣ ወረቀትም አይታተምለትም።

ሁለተኛው መልስ መንገዱ ነው። ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደምቢ ዶሎ ከ600 በላይ። በሰላም ጊዜ ለአንድ ፖሊሽ የሚያወጣው የትራንስፖርት፣ የአልጋና የምግብ ወጪ ከፖሊሹ ይበልጣል። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ደግሞ ገንዘብ ያለውም አልሄደም። ልብስ ሰፊው ለዓመታት ፖሊሽ ያላስደረገው ሰንፎ አይደለም። ዓይንህ ይወልወልልህ ብሎ በዚያ መንገድ ላይ ሕይወቱን የሚያስይዝ ሰው የለም።

አንዳንዱ እዚህ ላይ እንዲህ ይላል፦ ወባ ሰው በሚገድልበት፣ እናት በወሊድ በምትሞትበት አገር ስለ ፕላስቲክ ዓይን ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ጥያቄው ቅን ነው፤ በወለጋ ደግሞ ባዶ ጥያቄ አይደለም። ነገር ግን እዚህ የሚጠየቀው የወባን መድኃኒት የሚሻማ ነገር አይደለም። የሚጠየቀው አንድ ወረቀትና ጥቂት ማስተዋል ነው። ከዚያም በላይ ዓይን የሚደረገው ለውበት ብቻ አይደለም። ባዶ የቀረ ጎድጓዳ ይኮማተራል፣ ቆቡ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በልጅ ላይ ከሆነ የፊት አጥንት እድገት ራሱ ሊጓደል ይችላል። በሱቅ ደጃፍ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ፊት እንጀራ ነው። ዓይኑን ደብቆ ከሠርግ ዳስ የወጣ አባት ያጣው ነገር በየትኛው በጀት ይጻፋል?

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ወረቀቱ ይጻፍ። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ፣ አንድ ገጽ፣ ከሥዕል ጋር። ዓይን ተገጥሞለት የሚወጣ ሰው ሁሉ በእጁ ይዞ ይውጣ። ከሁሉ በላይ «አይደረግም» የሚለው ዝርዝር በግልጽ ይቀመጥ፦ አረቄ የለም፣ አልኮል የለም፣ ሳኒታይዘር የለም፣ በረኪና የለም፣ የጥርስ ሳሙና የለም፣ መቀቀል የለም። «ንጽሕናውን ጠብቅ» ብቻውን ምክር አይደለም፤ ሰው ባለው ነገር እንዲገምት መተው ነው። በወለጋ ቤት ያለው ነገር ደግሞ አረቄ ነው።

ሁለተኛ፣ ፖሊሹ ወደ ወለጋ ይምጣ። ይህ ሕልም አይደለም። የልብስ ሰፊው ዓይንና የአንድ ሽማግሌ ሰው ሠራሽ ጥርስ የተሠሩት ከአንድ ዘር ቁስ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያወለውል የጥርስ ቴክኒሺያን ባለበት ሁሉ ማሽኑም እጁም አለ ማለት ነው። የሚጎድለው አጭር ሥልጠናና ከዓይን ባለሙያ ጋር መተሳሰር ነው፤ ምን ያህል እንደሚነሳ፣ ስንጥቁ ጥልቅ ሲሆን አዲስ እንደሚያስፈልግ፣ ከመመለሱ በፊት እንዴት እንደሚነጻ። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. የጥርስ ባለሙያዎች ለዓይን ከደረሱ፣ ዛሬ ነቀምቴ ላይ የማይደርሱበት ምክንያት የለም። ዓይን ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው ጅማ ዩኒቨርሲቲም ሩቅ አይደለም፤ ወለጋ ዩኒቨርሲቲም የራሱ ሪፈራል ሆስፒታል አለው።

ሦስተኛ፣ የዓይን ነርሶች ይጠይቁ። በሞራና በትራኮማ ዘመቻ ወደ ወረዳዎች የሚወጣ ቡድን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ መጠየቅ ይችላል፦ «ሰው ሠራሽ ዓይን የሚያደርግ አለ? በምን ነው የሚያጥበው?» መልሱ ተመዝግቦ ቢመጣ ያ ያልተቆጠረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ይቆጠራል።

ወለጋ ለሕክምና አዲስ አገር አይደለችም። ከኅዳር በሽታ ማግስት፣ በ1919 እ.ኤ.አ. ዶክተር ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ተሻግሮ ደምቢ ዶሎ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ነቀምቴ፣ አይራና ጊምቢ የሚሲዮን ሆስፒታሎች ያዩ ከተሞች ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊት ሐኪም በበቅሎ የደረሰበት አገር ዛሬ አንድ ገጽ ምክር ሊርቀው አይገባም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ይህ ቅጠል ደግሞ ዋጋው የወረቀት ዋጋ ነው።

ልብስ ሰፊው እስካሁን አዲስ ዓይን አላገኘም። መንገዱ ጋብ ሲል አዲስ አበባ ሊሄድ ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። ማታ ማታ ማውጣቱን ትቷል፤ ሳላይን ከፋርማሲ ይገዛል። ዓይናሩ በጣም ቀንሷል፣ ጉሙ ግን አልጠፋም። የተሰነጠቀ አክሪሊክ ታጥቦ አይድንም። ጥቁር መነጽሩን ግን ሥራ ላይ ሲሆን አውልቆታል፤ ስፌቱም ቀጥ ብሏል። ደንበኛ ቀና ብሎ ሲያየው ፊቱን አያዞርም። የጠየቀውን «ሰው ሠራሽ ነው» ይለዋል። ካስከተለም «በአረቄ አጥቤው ነው እንዲህ የሆነው» ብሎ ይነግረዋል። በዚህ ሁኔታ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ለወንድሙ አንዷ ለልጇ፣ ምክሩን ከበረንዳው ይዘው ሄደዋል።

ቀይ ምልክት ያለባት ሲኒ አሁንም መደርደሪያው ላይ አለች፤ ሚስቱ ልትጥላት ስትል እሱ ነው የከለከላት። ሁለተኛዋ ልጁ በጥር ትዳራለች። አዲሱ ዓይን እስከዚያ ባይደርስም፣ ፎቶ አንሺው ሲጠራው ከዳሱ እንደማይወጣ ለልጁ ቃል ገብቶላታል።